አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ሲታደስ፦ ከቀለሙ በፊት ጣራው

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቤት አያያዝ ነው። ነገር ግን የምንነጋገረው እያንዳንዳችን ስለምንኖርበት ቤት ሳይሆን፣ ሁላችንም በየጊዜው ስለምንገባበት ቤት፣ ማለትም ስለ ማዘጋጃ ቤት ነው። ልጅ ወልደን የምናስመዘግበው፣ ጋብቻ የምንፈራረመው፣ የቤት ካርታ የምናወጣው፣ ግብር የምንከፍለው በእነዚህ የሕዝብ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ አርጅተዋል። አሮጌ ሕንፃ ደግሞ እንደ አረጋዊ ሰው ነው፤ አስቀድመው ካወቁበትና ከተንከባከቡት ገና ብዙ ያገለግላል፤ ችላ ካሉት ግን ሕመሙ በአንድ ቀን ይወጣና ሁሉንም ያስደነግጣል።

ጉዳዩን በዓይን ለማየት አንድ የእግር ጉዞ እንጠቁማችሁ። አንድ እሑድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከለገሃር ተነሡና ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ያዙ። የብሔራዊ ቴአትርንና አጠገቡ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ፣ ዋናውን ፖስታ ቤት፣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልንና የትግላችን ሐውልትን ታልፋላችሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ ዳገቱ ይበረታል። ቀና ስትሉ ከጎዳናው ራስ ላይ ከተማውን ቁልቁል የሚመለከት ሰፊ ሕንፃ ይታያችኋል። ይህ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከዚያ ደጃፍ ላይ ዞር ብላችሁ ስትመለከቱ የመጣችሁበት መንገድ እስከ ለገሃር ድረስ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቷል። ልጆቹ ደክሟቸው ደረጃው ላይ ሲቀመጡ እናንተም አጠገባቸው ተቀመጡና ሕንፃውን አስተውሉ።

ሕንፃው የተሠራው በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ወደ 60 ዓመት ደርሷል። ከቢሮዎቹ ሌላ የቴአትርና የባህል አዳራሽ ስላለው፣ ለጉዳይ ከመጣው ሰው በተጨማሪ ቴአትር ለማየት የመጣውንም ሲያስተናግድ ኖሯል። በከተማችን በሕግ ፊት የተፈጸመን ጋብቻ እስከ ዛሬ «የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ» ብለን የምንጠራው፣ ይህ ተቋም በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ ያሳያል። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል።

የማዘጋጃ ቤቱ ታላቅ እኅት ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ትገኛለች፤ የአፍሪካ አዳራሽ ናት። እርሷንም የነደፈው ያው ሜዜዲሚ ሲሆን፣ ተሠርታ የተመረቀችው በ1953 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያች አዳራሽ ውስጥ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስኮት ሥዕልም፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በመግቢያው አዳራሽ ያበራል።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ያች አዳራሽ የተሠራችው በ18 ወር ነው። እድሳቷ ግን ይህን ያህል አጭር አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 56.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የፈቀደው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዳራሿ ታድሳ እንደገና የተከፈተችው በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ከገንዘቡ ፈቃድ እስከ ምርቃቱ ወደ 9 ዓመት ፈጅቷል። ለምን ቢባል፣ አዲስ ቤት በባዶ መሬት ላይ ይሠራል፤ አሮጌ ቤት ሲታደስ ግን ያለውን ሳያበላሹ፣ ውስጡ የተደበቀውን እያወቁ፣ የጠፋውን ዓይነት ጡብና ዕቃ እያሠሩ ነው። የግድግዳዎቹ ንጣፍ ከመጀመሪያው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ እንደገና ተሠራ፤ የጥንቱ ወንበርና ጠረጴዛ ተጠገነ፤ የመስኮቱ ሥዕልም በባለሙያ ታደሰ። እንዲህ ያለ ሥራ በችኮላ አይሆንም። የእድሳት ግማሹ ሥራ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ላይ የሚያልቀው ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ እቅዱ ከምን ይጀምር? ቤት የምታስተዳድር ሴት ሁሉ መልሱን ታውቀዋለች። ጣራው የሚያፈስ ቤት ግድግዳው አይቀባም። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይታያል፣ ምስማሩ ይጠብቃል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፤ ቀለሙ የሚታሰበው ለእንቁጣጣሽ ነው። የከተማው ሕንፃም ሕጉ ይኸው ነው። የአሮጌ ሕንፃ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። በተለይ በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ጣራቸው ጠፍጣፋ አርማታ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ቶሎ መውረጃ ካላገኘ ይተኛበታል። በጣራው ላይ የተነጠፈው ውኃ መከላከያ በፀሐይና በብርድ ይሰነጣጠቃል፤ የመውረጃው ቧንቧ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል፤ ውኃውም ቀዳዳ ፈልጎ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከዓይን የተሰወረ ነው። አርማታ ጥንካሬውን የሚያገኘው በውስጡ ካለው ብረት፣ ማለትም ከፌሮው ነው። እርጥበት ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ ይልቅ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ሲሚንቶውን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። በበረንዳ ጣራ ሥር ልስኑ ተገሽልጦ ቡናማ ብረት ብቅ ብሎ ካያችሁ፣ ያ የቀለም ጉድለት አይደለም። ቀለም ቢቀባበት ለአንድ በጋ ያምራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን ከሥሩ ለቆ ሰው ላይ ይወድቃል።

ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ሁሉም ስንጥቅ አደገኛ አይደለም፤ የሚያሠጋው እየሰፋ የሚሄደው ነው። መሐንዲሶች ይህን የሚለዩበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ አግድም ይለጥፉና ቀኑን ይጽፉበታል። ከወራት በኋላ ጀሶው ሳይሰነጠቅ ከተገኘ ግድግዳው ዐርፏል፤ ጀሶው ከተሰበረ ግን ግድግዳው ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በ60 ዓመት ሕንፃ ላይ ይህ ምርመራ የግድ ያስፈልጋል። ከተማችን ከስምጥ ሸለቆው ዳር የተቀመጠች ናትና። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የመጀመሪያው የአገራችን የሕንፃ ደንብ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ መመሪያ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ በ1950ዎቹ የተሠሩት ሕንፃዎች ከዚያ በፊት የቆሙ ናቸው። ይህ ማለት ደካሞች ናቸው ማለት አይደለም። በእድሳት ጊዜ ዓምዳቸውና ማያያዣቸው በዛሬው መለኪያ ይፈተሽ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሕንፃው የደም ሥር የሆኑት መብራትና ውኃ ይመጣሉ። የ1950ዎቹ ቢሮ የታሰበው ለአምፖልና ለጥቂት ዕቃዎች ነበር። ዛሬ በዚያው ክፍል ኮምፒዩተር፣ የማተሚያ መኪናና የውኃ ማፍያ ይሰካል። ከአንድ ሶኬት ላይ ማባዣ፣ ከማባዣው ላይ ሌላ ማባዣ ሲቀጠል፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው አሮጌ ሽቦ ይግላል። ስለዚህ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ማከፋፈያ ሳጥንና የመሬት ሽቦ ከጌጣጌጡ በፊት በእቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሽቦና ቧንቧ ከልስኑ ሥር ስለሚያልፉ፣ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ከታሰቡ አዲሱ ግድግዳ ተመልሶ ይቦረቦራል። ገንዘብ ሁለት ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ስለ ውኃም አንድ ስሌት እንንገራችሁ። ውኃ ሲጠፋ መድኃኒቱ ጣራ ላይ ሮቶ መስቀል ይመስላል። ነገር ግን 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ይመዝናል። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን ጣራ ላይ ተሰቅሎ ሲሞላ፣ በአሮጌው አርማታ ላይ 10 ሺህ ኪሎ ተጫነበት ማለት ነው። ያ ጣራ ሲነደፍ ይህ ሸክም አልታሰበለትም ይሆናል። ጋኑን ከመሬት ላይ አስቀምጦ በፓምፕ መግፋት በብዙ ቦታ የተሻለ ይሆናል፤ ይህንንም የሚወስነው ስሌቱን የሠራው መሐንዲስ እንጂ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ መሆን የለበትም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ግንቡ ነው። ግንቡ የቆመው ግን ለሰው ነው። እናንተም እናቶች ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃን አዝላችሁ፣ ሌላውን በእጅ ይዛችሁ፣ ወረቀታችሁን በብብታችሁ አድርጋችሁ ደረጃ የወጣችሁ ናችሁና። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ይህ ማለት አንዲት እናት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የምትሄደው ገና ጉልበቷ ሳይመለስ ነው። ምዝገባው ከምድር ቤት ቢሆን ወይስ ከሦስተኛ ፎቅ የሚለው ጥያቄ ለአርክቴክቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእርሷ ግን ትልቁ ነገር እርሱ ነው። መልሱም ብዙ ወጪ የለውም። እናቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚስተናገዱባቸውን መስኮቶች ወደ ታች ማውረድ፣ የመዝገብ ቤቱንና የስብሰባ ክፍሉን ወደ ላይ ማውጣት ነው።

ይህ ደግሞ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም ጭምር፣ መግቢያና የሚመች መጸዳጃ እንዲኖረው አዟል። መወጣጫው ግን ስም ብቻ እንዳይሆን መለኪያውን እወቁት። ከፍታው 1 ከሆነ ርዝመቱ 12 መሆን አለበት። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 4 ደረጃዎች 60 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ መወጣጫው 7 ሜትር ከ20 ይረዝማል። በ2 ሜትር ላይ ተጣድፎ የተለሰነ ተዳፋት ተሽከርካሪ ወንበር የማይወጣው፣ የሕፃን ጋሪም በዝናብ ጊዜ የሚያንሸራትት ነው። ቦታው በእቅዱ ላይ አስቀድሞ ካልተያዘ በኋላ ከየትም አይመጣም።

የሴቶች መጸዳጃ ቤትም ሳይሸማቀቁ የሚያነሡት ጉዳይ ነው። ባለጉዳይ ከጠዋት እስከ ቀትር በሚጠብቅበት ቦታ፣ ቁልፉ በጸሐፊዋ እጅ ያለ አንድ መጸዳጃ አይበቃም። ነፍሰ ጡርም ሆነች ሕፃን የያዘች ሴት ረጅም ሰልፍ መቆም አትችልም። የውኃ መውረጃ ቧንቧው የሚቀየረው አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ክፍል የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው። እዚያው ለሚሠሩት እኅቶችም የሕፃናት ማቆያ ክፍል ይታሰብ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በመሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ አየርና ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ ያለው፣ ከመውጫው የማይርቅ ሊሆን ይገባዋል። ከተረፈው ዕቃ ቤት ተመርጦ የሚሰጥ መሆን የለበትም።

ስለ ሕፃናት ካነሣን፣ የአሮጌ ቀለም አቧራን አትናቁት። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገኝ ነበር። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠንም እስካሁን አልታወቀም። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተቀባው ቀለም አሁንም ከሥር አለ። ሲፋቅ አቧራው ወለል ላይ፣ ጫማ ላይ፣ በእናት ነጠላ ላይ ይቀመጣል፤ ቤት ድረስም ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ እየረጠበ ይነሣል፣ ሥፍራው በላስቲክ ይጋረዳል፣ ሠራተኞቹም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ። ባለጉዳይ በዚያ በኩል እንዳያልፍም ይደረጋል። ሥራው በክፍል በክፍል ተከፍሎ፣ የትኛው ቢሮ ወዴት እንደ ተዛወረ በጉልህ ተጽፎ ደጃፍ ላይ ከተለጠፈ፣ ሕዝቡ አይጉላላም።

አሁን ወደ ጊዜውና ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ በክረምቱ መካከል ነው፤ የሚያልቀውም ሰኔ 30 ቀን ነው። ያለ እቅድ የሚሄድ ጽሕፈት ቤት በጋውን በጨረታ ወረቀት ያሳልፍና፣ ሰኔ ሲደርስ ገንዘቡ እንዳይመለስበት ሲል በመጀመሪያው ዝናብ ላይ ቀለም ይቀባል። በእቅድ የሚሄደው ግን እንዲህ ያደርጋል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ባለሙያ ሕንፃውን ከጣራ እስከ መሠረት ዞሮ የሚያፈሰውን ሁሉ ይመዘግባል፤ የጣራን ሕመም በበጋ ማየት አይቻልምና። በጋውን ንድፉና የዋጋ ዝርዝሩ ይዘጋጃል፤ ለቀጣዩ ዓመት በጀት ይጠየቃል። በጀቱ በሐምሌ ሲፈቀድ ጨረታው በክረምቱ ያልቃል፤ ጥቅምት ሲብት ጣራው ይከፈታል፤ ግንቦት ሳያልቅ ይዘጋል። ዓመት ያህል ማሰብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በገንዘቡም በኩል፣ አሮጌ ሕንፃ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋበትምና፣ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ለመጠባበቂያ መያዝ የጥንቁቅ ሰው ልማድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከእድሳቱ በኋላ ያለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሪፖርት፣ የሕዝብ ሕንፃዎች በደህና እንዲቆዩ ሕንፃውን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው በየዓመቱ ለጥገና እንዲመደብ መክሯል። 100 ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ሕንፃ ይህ በዓመት ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም አሸንዳ በየዓመቱ ሳይጠረግ 20 ዓመት የቆየ ሕንፃ የሚጠይቀው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን የሕንፃ ጥገናን ያሰቡ ይመስላል።

ትልቁ ማዘጋጃ ቤት በስሙም በሥፍራውም ምክንያት የሚያስታውሰው አያጣም። ብዙዎቻችን በየጊዜው የምንሄድባቸው የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ጣቢያዎችና የአፀደ ሕፃናት ግን እንዲህ አይደሉም። ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ከመኖሪያነት ወደ ቢሮነት የተለወጡ አሮጌ ቤቶች ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ሳሎን ዛሬ መቶ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ለእነርሱ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚመድብ ጉባኤ የለም፤ ያላቸው የወረዳው በጀትና የእናንተ ዓይን ነው።

ስለዚህ ወረዳችሁ ስለ እድሳት ስብሰባ ሲጠራ ወደ ኋላ አትበሉ። መሐንዲሱ የዓምዱን ውፍረት ያውቃል፤ ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ወዴት እንደሚሸሽ፣ የትኛው ደረጃ ላይ አሮጊቶች እንደሚሰናከሉ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ሻጋታው ሕፃን እንደሚያስል የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ጣራው በክረምት በባለሙያ ታይቷል ወይ? ሕፃን የያዘችና በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት ያለ ረዳት እስከ መስኮቱ ትደርሳለች ወይ? ከምርቃቱ በኋላ በየዓመቱ አሸንዳውን የሚጠርገው ማን ነው፣ ገንዘቡስ ከየት ይወጣል? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ፣ ቀለሙን የወደዱትን ይቀቡት፤ ሕንፃው ልጆቻችሁ የልጆቻቸውን ስም ለማስመዝገብ እስኪመጡ ድረስ ይቆያል።